ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ያለው የታደሰው ቤት፦ የግዢውን ሐሳብ አብረን እናርቅቅ

ጸሐፊ፦
ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ፈረንጅ አራዳ ያለው ባለ በረንዳው ቤት ለሽያጭ ወጥቷል። ሁላችንም እናውቀዋለን። ወላጆቻቸው ካረፉ በኋላ ልጆቹ አሳድሰውታል። ማኅበራችን ይግዛው የሚል ሐሳብ ከብዙዎቻችሁ ስለመጣ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበውን ጽሑፍ እዚሁ እንሥራው። የእኔ መነሻ ይሄ ነው፦ «ማኅበሩ ቤቱን በተጠየቀው ዋጋ ይግዛ። ሳሎኑ ለተማሪዎች የንባብ ክፍል ይሁን። ከኋላ ያለው ሰርቪስ ግማሹ የዕድሩን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ይያዝ፣ ግማሹ ይከራይ። ኪራዩ ለጥገና ይዋል።» የሚጨመር፣ የሚቀነስ ካለ ጻፉ።

ገንዘብ ያዥ፦
«በተጠየቀው ዋጋ» የሚለው ይውጣ። ያለን ገንዘብ ለቀብድ ይበቃል፣ ቀሪው መዋጮ ነው። የሰው መዋጮ ይዤ ያልተመረመረ ቤት ላይ አልፈርምም።

ግንበኛው አባል፦
እህታችን ትክክል ናት። ሻጮቹን አስፈቅጄ ገብቼ አይቸዋለሁ። ቀለሙ ያምራል። ኮርኒሱ አዲስ ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ ሆኗል። የዋንዛ በሮቹን አለመንካታቸው ደስ ብሎኛል። የተለፋበት ሥራ ነው፣ ያን አልክድም።

ግድግዳው ግን ጭቃ ነው። በላዩ የዶሮ ሽቦ ተመትቶ በሲሚንቶ ተለስኗል። በጓሮ በኩል በጣቴ እያንኳኳሁ ሄድኩ። ከወገብ በላይ ድምፁ ድፍን ነው። ወደ መሬት ስወርድ እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል። ልስኑ ከጭቃው ለቋል ማለት ነው። ጥጉ ላይ ቀለሙ አብጧል፣ ስነካው ተላቀቀ። ከሥሩ ከአፈሩ ተነስቶ ወደ ቋሚው የሚወጣ ቀጭን የምስጥ መንገድ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጭቃ ግድግዳ ቢረጥብም ዝናቡ ሲያባራ እርጥበቱን መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ ሲለበስበት መውጫው ይዘጋል። ከመሬት የሚነሳው ውሃ ቋሚዎቹ እግር ላይ ይቀመጣል። እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ደግሞ እርጥብ እንጨት ይወዳል። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ከመጋቢት እስከ መስከረም ብዙም አይለቀንም። እዚህ ቤት ላይ የተቀየረው አሸንዳ የፊት ለፊቱ ብቻ ነው። በጓሮ በኩል የጣሪያው ውሃ በቀጥታ ግድግዳው እግር ላይ ይወርዳል።

ስለዚህ ስለ ዋጋ ከማውራታችን በፊት ልስኑ ሦስት ቦታ ይከፈትልን። ጓሮ በኩል ሁለት፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ አንድ። የቋሚውን እግር በካቻቢቴ እንወጋዋለን። ጤነኛ እንጨት ጫፉን አያስገባም። ከገባ ያ ቋሚ መቀየር አለበት፣ የተቀየረው ተቆጥሮ ከዋጋው ይነሳ። ቤቱ ከዳነ በኋላ ሥራው ግልጽ ነው፦ በጓሮም አሸንዳ፣ ዙሪያውን የውሃ ቦይ፣ ከታች ያለው ሲሚንቶ ተነስቶ በጭቃና በኖራ መመረግ። የከፈትነውን በራሳችን ወጪ እንደነበረ እንመልሳለን፣ ይሄም ይጻፍላቸው።

ውጭ አገር ያለች አባል፦
እኔ የምፈራው ወረቀቱን ነው። ወራሾቹ ከአንድ በላይ ናቸው፣ አንዱም እዚህ ውጭ ነው። የእኛ ቤተሰብ ከሻጮቹ አንዱ ወንድም ሳይፈርም የተሸጠ ቤት ገዝቶ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሷል። እናቴ በዚያ ጉዳይ ጤናዋን አጥታለች። እባካችሁ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እንይ። እያንዳንዱ ወራሽ ወይ ራሱ ይፈርም፣ ወይ ውክልና ይላክ። የውጭው ውክልና በኤምባሲና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ይምጣ። የመንደር ውል የሚባል ነገር አይነሳ። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ሰነዶችን በሚያረጋግጠው አካል ፊት መፈረም አለበት። ካርታው ከባንክ ዕዳና ከእግድ ነጻ መሆኑም ይጣራ።

ሕግ የተማረው አባል፦
ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ መሬት በአገራችን አይሸጥም። የምንገዛው ቤቱን ነው፣ ይዞታው አብሮ ይተላለፋል። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ ነባር ይዞታ፣ ማለትም ሊዝ ውስጥ ያልገባ የቆየ ቦታ፣ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ክፍያው ምን ያህል እንደሚሆን ማዘጋጃ ቤቱን በጽሑፍ እንጠይቅ፣ ከዋጋው ጋር ይደመር። ሁለተኛ ቀብድ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ከፍሎ የቀረ ገዢ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀብሎ የቀረ ሻጭ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ልስኑ ሳይከፈት አንድ ብር እንዳይወጣ።

የስሙ ነገርም አለ። ማኅበሩ ተመዝግቦ ሕጋዊ ሰውነት ሳያገኝ ካርታ በስሙ አይወጣም። ለጊዜው በሦስት አባላት ስም ይሁን ቢባልም አያስኬድም። ሰው ይሞታል፣ ይፋታል፣ ይጣላል። ያኔ የማኅበሩ ቤት የሦስት ቤተሰብ ክርክር ይሆናል። መጀመሪያ ምዝገባው ይጠናቀቅ።

ወጣቱ አባል፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄን ሁሉ ከምንለፋ አፍርሰን ፎቅ ብናወጣ አይሻልም? ቦታው መሀል ከተማ ነው። ኪራዩ ብቻ ብዙ ተማሪ ያስተምራል።

አንድ አዛውንት አባል፦
ልጄ፣ ሐሳብህ ለተማሪዎቹ ብለህ ነውና አከብረዋለሁ። ግን ለፎቅ የሚሆን ቦታ ሌላም ይገኛል። በጣሊያን ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933፣ ከተማችን መልኳ ሲቀየር የሰፈራችን መልክም አብሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙው ፈርሷል። ይሄ በረንዳ ዝናብ ሲመጣ መንገደኛው ሁሉ የሚጠለልበት ነበር። ባለቤቷ ማንንም ሳትመርጥ ወንበር ታወጣ ነበር። እንጨት አይቆይም እንዳትሉኝ። ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ ሆኖ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል። በረንዳው ይቆይልን።

ወጣቱ አባል፦
እሺ አባባ፣ ፎቁን ትቼዋለሁ። ግን ገቢውን ጻፉልኝ። ሰርቪሱ በየወሩ ምን ያስገባል፣ ጥገናው ምን ይወስዳል? ያለ እሱ ጉባኤው ያፋጥጠናል።

ጸሐፊ፦
ሁሉንም አካትቼ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«ማኅበሩ ቤቱን የሚገዛው ምዝገባው አልቆ፣ ልስኑ ተከፍቶ የቋሚዎቹ ጤንነት ታይቶ፣ ሁሉም ወራሾች መፈረማቸው ተረጋግጦ፣ የሊዙ ክፍያ በጽሑፍ ታውቆ ነው። ዋጋ የምናቀርበው ከዚህ በኋላ ነው። የጥገናው ወጪ ከዋጋው ይቀነሳል። ቀብድ ከምርመራው በፊት አይከፈልም። ሳሎኑ የንባብ ክፍል ይሆናል። በረንዳው አይፈርስም፣ አይዘጋም። የሰርቪሱ ኪራይና የጥገናው ግምት በገንዘብ ያዥ ተሠርቶ ይያያዛል።»

ሰርቪሱ ለሁለት ይከፈል ወይስ ሙሉውን እናከራየው የሚለው አልተቋጨም፣ ለጉባኤው ይተው። በቃሉ የማይስማማ እስከ አርብ ይጻፍ። ሻጮቹ ልስኑን እንድንከፍት ፈቅደዋል፣ ቅዳሜ ጠዋት እነሱ ባሉበት ይሆናል። መምጣት የምትችሉ ኑ። ካቻቢቴና ባትሪ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።