ከሁለት ተፎካካሪ ቡድኖች አንዱ ሌላውን ሲያታልል የጨዋታ መሪው እንዴት ይዳኝ?

ጥያቄ፦ ተጫዋቾች የገጸ ባሕርያትን ሚና በሚይዙበት የጠረጴዛ ጨዋታ፣ በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ በተለያየ ቀን የሚጫወቱ ሁለት ቡድኖችን እመራለሁ። አንደኛው ሐሰተኛ የዋሻ ካርታ ለተቀናቃኙ ሊያስደርስ አስቧል፤ የሁለቱንም ምስጢር እያወቅሁ ሳላዳላ እንዴት ልዳኝ?

መልስ 1፦ ዕቅዱን አስቀድመው በጽሑፍ ያስረክቡዎት፤ ካርታውም ራሳቸው እንደሳሉት ይቅረብ። «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» በተባለው የሚና ጨዋታ አምስተኛ እትም የአታላዩ የማታለል ችሎታ ከተታላዩ አስተዋይነት ጋር በዳይስ ይፎካከራል፤ በእኔ እምነት ግን ዳይሱ ተጫዋቹን እንዲያምን ማስገደድ የለበትም።

መልስ 2፦ በዚሁ ጨዋታ በድግምት መልኩን የቀየረ ሰላይ ሊልኩ ካሰቡ፣ ድግምቱ የሚቆየው 1 ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ዓይንን እንጂ እጅን ስለማያታልል፣ የሌለ ባርኔጣ የዳሰሰ ጠባቂ አየር ይጨብጣል።

መልስ 3፦ ለእያንዳንዱ ቡድን በምናባዊው ዓለም ውስጥ ያለፈውን ጊዜ መዝግበው ይያዙ፤ ከጨዋታው ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ጋሪ ጋይጋክስ በ1979 እ.ኤ.አ. በታተመው የጨዋታ መሪዎች መመሪያው አጥብቆ ያሳሰበው ይህንኑ ነው። አለበለዚያ አንደኛው ቡድን ገና ያልተሳለ ካርታ ሊያገኝ ይችላል።