ኮድ ጽፌ አላውቅም፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ልሙላ?

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ። ፍሬሽማን ጨርሻለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዲፓርትመንት እንሞላለን። ልቤ ያለው ኮምፒውተር ሳይንስ ላይ ነው። ግን ኮምፒውተር የነካሁት ግቢ ከገባሁ በኋላ ነው፤ የዶርም ጓደኛዬ ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ዌብሳይት ይሠራል፣ እሱን ሳይ ወኔዬ ይከዳኛል። ሒሳብ እወዳለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦
አራተኛ ዓመት ነኝ ወንድሜ፣ ስገባ ምንም አላውቅም ነበር። እኛ የጀመርነው ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባል የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው፣ ከዜሮ። የመጀመሪያው የኮምፒውተር ላብ (ላብራቶሪ) ላይ አንዲት ሴሚኮሎን (;) ረስቼ ስክሪኑ በኤረር ሲሞላ እጄ ተንቀጠቀጠ። ኤረሩ ግን የመስመሩን ቁጥር ይነግርሃል፤ ማንበብ ስትለምድ ፍርሃቱ ይለቅሃል። ቀድመው የሚያውቁት ልጆች መጀመሪያ ላይ ይፈጥናሉ። ዳታ ስትራክቸር (መረጃ ኮምፒውተር ውስጥ እንዴት እንደሚደራጅ የምንማርበት ኮርስ) ሲመጣ ግን ሁላችንም እኩል ነው የተቸገርነው፣ ሒሳብ መውደድህ የሚጠቅምህም ያኔ ነው።

መልስ 2፦
ሳትሞክር አትሙላ። አንድ ሳምንት አለህ አይደል? ሲኤስ50 የሚባለው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ፣ የሚጀምረውም ብሎክ እየገጣጠሙ በሚሠሩበት በስክራች ነው። ከዚያ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ስልክህ ላይ ጫንና ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች የሚደምር ፕሮግራም ጻፍ። 5050 እስኪወጣልህ ስትታገል ሰዓቱ ካልታወቀህ፣ ሙላው። ለሥራ ብለህ ብቻ ከሆነ ግን አራት ዓመት በጣም ይረዝማል።

መልስ 3፦
ላፕቶፕ የለኝም ብለህም አትቅር። እኔ ሁለተኛ ዓመትን ሙሉ ኮዱን ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ፣ በየመስመሩ ምን እንደሚሆን በእጄ ተከታትዬ ነው ላብ የምገባው የነበረው። ፈተናውም በወረቀት ስለነበር በጣም ጠቀመኝ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ፣ ዛሬ ማታ ፓይተኑን እጀምራለሁ።