ሰርቪስ ቤቱን የልጆች ጌም ክፍል ላድርገው ብዬ ነበር፤ ከምን ልጀምር?

የሦስት ልጆች እናት (ጉለሌ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ምከሩኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ 14፣ ትንሿ 8 ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ሰፈር ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ካልሄድን እያሉ ቤቱን ያምሱታል። እዚያ ሲጋራውም ጫቱም ስላለ እዚሁ ዓይኔ ሥር ቢጫወቱ ይሻለኛል።

ግቢያችን ውስጥ አሮጌ ዕቃ የታጨቀበት ሰርቪስ አለ። 3 በ4 ሜትር ገደማ ይሆናል። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ፣ ወለሉ ሊሾ ነው። መብራት ከዋናው ቤት በአንድ ሽቦ ተስቦለት አንድ አምፖልና አንድ ሶኬት አለው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ፒኤስ 5 እና 55 ኢንች ቲቪ ልላክልሽ ብሏል።

ያስጨነቀኝ ሦስት ነገር ነው። ቲቪውን ግድግዳ ላይ ማሰቀል ይቻላል? መብራት ሄድ መጣ ሲል ዕቃው አይቃጠልም? ድምፁስ? ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት መኝታ ቤት ነው። ባለቤቴ የእንቁላል ካርቶን እንለጥፍበት እያለ ነው።

ሱራ

በዚህ የኪራይ ዘመን 12 ካሬ ለጌም? አከራዪውና ልጆቹን በኪራዩ ፕሌይስቴሽን ቤት ላኪያቸው። ቀልዴን ነው፣ እህቴ። እኔም መልሱን ስለምፈልገው እየተከታተልኩ ነው።

ኤሌክትሪሻኑ (ሳሪስ)

እህቴ፣ ከቲቪውም ከፕሌይስቴሽኑም በፊት ያቺን አንድ ሽቦ አስፈትሻት። አምፖልና ሶኬት በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ ሽቦው ብዙ ጊዜ ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። እሱ ለመብራት ነው፤ ለሶኬት 2.5 ያስፈልጋል። ከዋናው ቤት ቦርድ ላይ ለብቻው ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይሰጠውና በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አዲስ መስመር ይሳብለት። ባለሙያው ሲመጣ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው ሦስተኛ ሽቦ) መኖሩንም ጠይቂ። በድሮ ቤቶች ሁለት ሽቦ ብቻ ተስቦ ሦስተኛው የለም። ያለ ኧርዝ "ሰርጅ ፕሮቴክተር" የሚባለው ማከፋፈያ ግማሽ ሥራውን ነው የሚሠራው። ሶኬት አራት ይደረግልሽ። አንድ ሶኬት ላይ ማከፋፈያ፣ እሱ ላይ ደግሞ ሌላ ማከፋፈያ ሲደራረብ ነው ብዙ ጊዜ የሚጨሰው።

ሁለተኛ ምጣዱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። አንቺ ስትጋግሪ የሰርቪሱ አምፖል ደከም የሚል ከሆነ መስመሩ ቀጭን ነው ማለት ነው። ሰፈሩ በሙሉ በሚጋግርበት ሰዓት ደግሞ ከውጭም ይወርዳል፤ በሜትር ለክቼ ከ190 ቮልት በታች ያገኘሁባቸው ቤቶች አሉ። ፕሌይስቴሽኑ ራሱ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል መውረዱ ብዙም አይጎዳውም። የሚጎዳው መብራት ተመልሶ ሲመጣ ያለው ግፊት ነው። "መጣ!" ተብሎ ሲጮህ ልጆች ሮጠው መጀመሪያ የሚሰኩት እሱኑ ነው። ለፍሪጅ የሚሸጠውን፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቀውን መከላከያ ግዢና ቲቪውንም ፕሌይስቴሽኑንም በእሱ በኩል ሰኪ። ከሁሉም ርካሹ ጥንቃቄ እሱ ነው።

ቶሚ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ወንድምሽ ፕሌይስቴሽኑን ይላክ፣ ቲቪውን ግን ይተወው። እዚህ አሜሪካ የሚሸጠው ቲቪ አብዛኛው በ120 ቮልት ብቻ ነው የሚሠራው። የግድ እልካለሁ ካለ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ፤ "100–240" የሚል ከሌለው እዚያ ስትሰኪው ያኔውኑ ይሰናበታል። በትራንስፎርመር ይሠራል የሚሉሽ ይኖራሉ፤ ይሠራል፣ ግን አንድ ቀን ልጆቹ ትራንስፎርመሩን አልፈው ግድግዳው ላይ ይሰኩታል። በዚያ ላይ 55 ኢንች መስታወት በሻንጣ ዕቃ መካከል ሲሄድ አስቢው። ገንዘቡን ይላክና እዚያው ግዢ።

ፕሌይስቴሽኑ በቮልቴጅ በኩል ችግር የለበትም። የኃይል ገመዱ በሬዲዮና በቴፕ ላይ የምናውቀው፣ ጫፉ ስምንት ቁጥር የመሰለው ነው፤ የእዚያን ሶኬት የሚገጥም ገመድ በቀላሉ ይገኛል። ሲገዛ ግን ዲስክ የሚያስገባውን ይግዛ። ዲጂታል የሚባለው የዲስክ ማስገቢያ ሳይኖረው ነው የሚሸጠው፤ ጌሙን ሁሉ በኢንተርኔት ነው የሚያወርደው። አንድ ጌም 100 ጊጋባይት ሊደርስ ስለሚችል የኢንተርኔት ጥቅልሽን ይጨርስብሻል። ዲስክ ከሆነ ልጆቹ ከጓደኛ ይዋዋሳሉ፣ ሲሰለቻቸውም ይሸጡታል።

የፕሌይስቴሽን አካውንት ሲከፈት የሚመረጡት አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ሰው በአብዛኛው የአሜሪካ ብሎ ነው የሚከፍተው። እንደዚያ ከከፈታችሁ የምትገዙት የጌም መግዣ ካርድም የአሜሪካ መሆን አለበት፤ የዱባይ ወይም የእንግሊዝ ካርድ አይገባም።

ጌም ቤት የነበረው

ጌም ቤት ስለነበረኝ ከዚያ ያየሁትን ልንገርሽ። ልጆቹ ምን እንደሚጫወቱ ጠይቀሻቸዋል? ኳስ ብቻ ከሆነ ፒኤስ 4 ይበቃቸው ነበር፤ የኳስ ጌሙ ኤፍሲ 25 እንኳ ለፒኤስ 4 ወጥቷል። ግን ያገለገለ ፒኤስ 4 ስትገዢ "ሀክ የተደረገ" ነው ብለው በደርዘን ጌም ጭነው ይሸጡልሻል። እሱ ኦንላይን ለመጫወት አይሆንም፣ አፕዴት ካደረጉት ደግሞ የተጫነው ጌም ሁሉ አልከፍት ይላል። ወንድምሽ 5 የሚልክ ከሆነ ተይው፣ ጥሩ ነው። ጆይስቲክ ግን ሁለት ይሁን። ሦስት ልጅ ባለበት ቤት አንድ ጆይስቲክ ጠብ ነው። የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ስላለን ይበቃል እንዳትዪ፤ ፒኤስ 5 ላይ የፒኤስ 4 ጌሞችን እንጂ የ5ን ጌም አያጫውትም።

መቀመጫ፦ ሶፋ አትግዢ። ለእንደዚህ ዓይነት ክፍል መጅሊስ የሚያክለው የለም። መርካቶ ስፖንጁን በልክ ያስቆርጡልሻል፣ ጨርቁን ዚፕ ያለው አስደርጊው፤ የለስላሳ ነገር ሲደፋበት አውጥተሽ ታጥቢዋለሽ። መጅሊስ ላይ የተቀመጠ ልጅ ዓይኑ ከወለሉ 80 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው የሚሆነው። የቲቪው መሐል ከዚያ ብዙ ከፍ ካለ አንገታቸውን ያማቸዋል። ሳሎን እንደሚሰቀለው አድርጎ ከሰው ቁመት በላይ መስቀል ለጌም አይሆንም።

ርቀቱን ደግሞ እዪው። ቲቪውን በ3 ሜትሩ በኩል ከሆነ የምታስቀምጪው፣ ጠረጴዛውና የመጅሊሱ መደገፊያ ሲቀነስ ከዓይን እስከ ስክሪን 2 ሜትር ቢቀር ነው። ለ2 ሜትር ከ43 እስከ 50 ኢንች ደህና ነው፤ 55 ትንሽ ይበዛል፣ ግን አይከፋም። በ4 ሜትሩ በኩል ካደረግሽው 55ቱ ልክ ይሆናል። መስኮቱ በየት በኩል ነው? ከስክሪኑ ፊት ለፊት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ምንም አይታያቸውም፤ ወፍራም መጋረጃ ያስፈልጋል። ቲቪውን ስትከፍቺ ሴቲንግ ውስጥ "ጌም ሞድ" የሚለውን አብሪው። ካላበራሽው ጆይስቲኩን ተጭነው ተጫዋቹ ዘግይቶ ይመታል፣ ልጆቹም ጆይስቲኩ ተበላሸ ብለው ያስቸግሩሻል።

ማገር

ስለ ግድግዳው፦ ጭቃ ላይ ቲቪ አይሰቀልም። ፊሸር (ብሎን የሚገባበት ፕላስቲክ) የሚይዘው ሲሚንቶውን ብቻ ነው፣ እሱም ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከሥሩ ያለው ጭድና ጭቃ ይፈረፈራል።

ደረጀ አናጢ

ወንድሜ ማገር፣ ቋሚውን እንጨት አግኝቶ ለመታው ይይዛል። አንኳኩቶ ማግኘት ነው።

ማገር

ምስጥ ያልበላው መሆኑን በማንኳኳት ታውቃለህ? አሮጌ ሰርቪስ ነው እያለች። ቢፌ ወይም ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ይሠራላት። ቲቪው ላይ ልጅ ቢንጠለጠል እንዳይገለበጥ እግሩ ጠረጴዛው ላይ በብሎን ይታሰር። ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከላይ የተባለውን የዓይን ልክም ያመጣል። ደረጀ፣ ጠረጴዛውን አንተው ሥራላት፣ ይሄ ይሻልሃል።

ደረጀ አናጢ

ጠረጴዛ ከሆነማ እስማማለሁ። ፕሌይስቴሽኑን ግን ዝግ ሳጥን ውስጥ አታስገቢው፤ ኋላው ክፍት ይሁን።

ጌም ቤት የነበረው

አናጢው ልክ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው ከባሕር ዳርቻ ከተማ የበለጠ ነው የሚደክመው። ቢያንስ አንድ ስንዝር በየጎኑ ክፍት ይተው። ሊሾው ላይ ምንጣፍ ወይም ፕላስቲክ ንጣፍ አንጥፊበት፤ ባዶ ሊሾ በተጠረገ ቁጥር የሚያስነሳው አቧራ ሁሉ ማሽኑ ውስጥ ነው የሚገባው። የፒኤስ 5 የጎን ሽፋን ያለ ብሎን ይከፈታል፣ ውስጡ ለአቧራ መሰብሰቢያ ተብለው የተሠሩ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ በየጊዜው በቫኪዩም መምጠጥ ነው። በአፍ እፍ አይባልም፣ ምራቅ ይገባል።

ድምፅ ቀጂ

የእንቁላል ካርቶኑን ለባለቤትሽ እኔ ልመልስለት። ካርቶን ድምፅ አያግድም። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ጩኸት ጥቂት ያለሰልሳል፣ ጎረቤት ግን ያው ይሰማል። ደረቅ ወረቀት ስለሆነም ሽቦ ባለበት ግድግዳ ላይ እሳት ጋባዥ ነው።

ድምፅ የሚያግደው ክብደት ነው። አንቺ ሳታውቂው ጥሩ ግድግዳ አለሽ፤ ወፍራም ጭቃ ከብሎኬት አያንስም። ችግሩ ከላይ ነው። ማታ ክፍሉ ውስጥ መብራት አብሪና ኮርኒሱን ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ዙሪያ እዪው። በብዙ ሰርቪስ ቤት ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ ያበቃል፣ ከዚያ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ከጎረቤት ጣሪያ ጋር የተያያዘ ነው። ድምፁ የሚሻገረው በዚያ ነው። በቺፑዱ ዳር ዳር ያለውን ክፍተት በሲሊኮን ወይም በጄሶ ድፈኚው፤ የበሩን ሥር ደግሞ በላስቲክ። ቲቪውን የጎረቤት ግድግዳ ላይ አታስደግፊው፤ ከእሱ በተቃራኒ ይሁን። በጎረቤት በኩል ቁም ሣጥን አቁመሽ ብርድ ልብስ ሙዪበት። ባስ ያለው ትልቅ ስፒከር አይግባ።

ሲመሽ ሄድፎን። ጆይስቲኩ ላይ ተራውን የስልክ ማዳመጫ የሚቀበል ቀዳዳ አለ፣ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም። "ጎል!" ብለው ሲጮኹ የሚያፍንልሽ ነገር ግን እኔም አላውቅም።

ለክረምቱም ተዘጋጂ። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ቲቪው አይሰማም፣ ድምፁን ሲጨምሩት ዝናቡ ያቆምና ጩኸቱ ለጎረቤት ይተርፋል። ዕቃ ሳታስገቢ በፊት አንድ ከባድ ዝናብ አሳልፊና ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ምልክት እንደሌለ እዪ።

የሦስት ልጆች እናት (ጉለሌ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ወንድሜን አነጋገርኩት፣ የቲቪው ጽሑፍ "120" ብቻ ነው የሚለው፤ ተርፈናል። ኮርኒሱ ዳር እጅ የሚያስገባ ክፍተት አግኝተናል፣ በእሱ በኩል የጎረቤት ሬዲዮ ጭምር ይሰማል! ባለቤቴ ካርቶኑን ትቷል።

የቀሩኝ፦ ዋይፋዩ ዋናው ቤት ሳሎን ነው፣ ሰርቪሱ ጋ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚያሳየው። ሰዓታቸውን መገደብስ ይቻላል ወይ? መብራት ሲሄድ ደግሞ "ሴቭ ሳናደርግ" ብለው እንዳያለቅሱ ዩፒኤስ ነው ወይስ ባትሪ የምገዛው?

ሐና (አያት)

እህቴ፣ ሰዓቱ ይገደባል። ለአንቺ ዋና አካውንት ከፍተሽ ለልጆቹ በሥሩ የልጅ አካውንት ትፈጥሪያለሽ። ለእያንዳንዱ በቀን ስንት ሰዓት፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት የሚለውን ከስልክሽ ትወስኛለሽ። የዕድሜ ገደብም አለው፣ ለስምንት ዓመቷ የተኩስ ጌሙን ዝጊባት። የአንቺን አካውንት ግን የይለፍ ቁጥር አድርጊበት፤ የኔ ልጅ የገባው በእሱ ነው።

ቶሚ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ለዋይፋዩ ማጠናከሪያ ከመግዛት የኔትወርክ ገመድ ይሳብ። ካት 6 የሚባለው እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይወስዳል። ኦንላይን ለሚጫወት ከፍጥነቱ ይልቅ አለመቆራረጡ ነው የሚጠቅመው። እርስ በርስ እዚያው ለመጫወት ኢንተርኔትም ወርኃዊ ክፍያም አያስፈልግም፣ ስለዚህ ይሄ የመጨረሻ ወጪሽ ይሁን።

ኤሌክትሪሻኑ (ሳሪስ)

የኔትወርክ ገመዱና የመብራቱ ሽቦ አንድ ቱቦ ውስጥ አይግቡ። ነጎድጓድ ሲሆን ሁለቱንም መንቀል ነው።

ዩፒኤስ ወይስ ባትሪ ላልሽው፦ ፒኤስ 5 ሲጫወቱበት 200 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ቲቪው 100 በይው፣ በድምሩ 300። 650 ቪኤ የሚባለው ትንሹ ዩፒኤስ 360 ዋት አካባቢ ቢችል ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ይይዝልሽና ሴቭ አድርገው ያጠፉታል። ለማልቀሱ መድኃኒቱ እሱ ነው። መብራት በሌለበት ይጫወቱ ካልሽ ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር ነው። 12 ቮልት 100 አምፔር አወር ባትሪ በስሌት 1,200 ዋት አወር ይይዛል፤ የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በላይ ከተጠቀምሽው ቶሎ ስለሚሞት 600 በይው፣ ኢንቨርተሩ የሚበላው ሲቀነስ አንድ ሰዓት ተኩል ያጫውታል። ኢንቨርተሩ "ፒዩር ሳይን ዌቭ" የሚለው ይሁን፤ በርካሹ አንዳንድ ዕቃ ይጮሃል፣ ይሞቃልም።

ማታ ሲጨርሱ ደግሞ "ሬስት ሞድ" ላይ አይተውት፣ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ። እንደተኛ መብራት ከሄደበት በሚቀጥለው ቀን ሲበራ ዲስኩን ልፈትሽ እያለ ያቆያችኋል፣ የተቀመጠው ጌምም ሊበላሽ ይችላል።

ባትሪውን ከገዛሽ ልጆቹ ያሉበት ክፍል ውስጥ አታስቀምጪው። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ይወጣዋል። ከውጭ በኩል፣ ዝናብ የማይነካው አየር ያለው ሳጥን ይሠራለት። ደረጀ ጠረጴዛውን ሲሠራ እሱንም ቢሠራልሽ በአንድ ጉዞ ያልቃል።

ደረጀ አናጢ

ልኩን ላኪልኝ። የባትሪውን ቁመትም ጨምሪበት።