ለእህቴ ሠርግ የሚሆን የቆየ የቀሚስ ፓተርን፦ የ1930ዎቹን ልምረጥ ወይስ የ1950ዎቹን?

ጠያቂ (ከሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። ከፋሲካ በኋላ በሚደረገው የእህቴ ሠርግ የምለብሰውን ቀሚስ ራሴ ልሰፋው አስቤ፣ ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት ሱቅ ሁለት የአሜሪካ የወረቀት ፓተርኖች (ጨርቅ ለመቁረጥ የሚያገለግሉ የልብስ ንድፎች) ገዝቻለሁ። አንደኛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ የወጣ፣ ጨርቁ በሰያፍ ተቆርጦ የሰውነትን ቅርጽ እየተከተለ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፣ ጀርባው ክፍትና ማንገቻው ቀጭን የሆነ የምሽት ቀሚስ ነው። ሁለተኛው በ1950ዎቹ መጨረሻ የታተመ ሲሆን፣ ወገቡ ጠበቅ፣ ታቹ ሰፋ ያለ፣ እጅጌውም ከደረቱ ጋር አንድ ላይ የሚቆረጥ ነው። የመጀመሪያው 18 ቁጥር ስለሆነ ይሰፋኛል ብዬ ሰግቻለሁ፤ ሁለተኛው ግን ዛሬም በፓተርን የምጠቀምበት 14 ቁጥር ነው። ደረቴ 92፣ ወገቤ 72፣ ዳሌዬ 98 ሴንቲ ሜትር ነው። የትኛውን ብመርጥ ይሻላል?

መላሽ 1

እህቴ፣ ቁጥሩን ይተዉትና ፓተርኑ በተሸጠበት ፖስታ ላይ የተጻፈውን የደረት ልክ ያንብቡ። የአሜሪካ ፓተርን አሳታሚዎች በ1956 እና በ1967 ገደማ ልካቸውን ስለቀየሩ፣ ያው ቁጥር በየዘመኑ የሚያመለክተው የተለያየ ሰውነትን ነው። በ1930ዎቹ 18 ቁጥር 36 ኢንች፣ ማለትም 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ደረት ማለት ስለነበረ፣ ይሰፋኛል ብለው የፈሩት ፓተርን ለእርስዎ ልክ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጣው 14 ቁጥር ግን 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይጠብዎታል። ይህ ማለት ግን አይሆንም ማለት አይደለም፤ ከትከሻው መሐል እስከ ወገብ በቁመት ሰንጥቆ ከፊትም ከኋላም እኩል ማስፋት ይቻላል። ይህን የሚያደርጉት ግን ፓተርኑን በሌላ ወረቀት ላይ ከገለበጡ በኋላ ይሁን፤ የዚያ ዘመን ስስ ወረቀት መቀስ ሳይነካውም ይቀደዳል።

መላሽ 2

ልኩ የሚስማማው የ1930ዎቹ ቢሆንም፣ እኔ የምመርጥልዎ የ1950ዎቹን ነው። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ፣ ማለትም ከድሩም ከማጉም በ45 ዲግሪ የተቆረጠ፣ በራሱ ክብደት ወደ ታች ስለሚለጠጥ ጠርዙ ከመታጠፉ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ተሰቅሎ ማደር አለበት፤ ያለዚያ በአንዱ ጎን አጥሮ በሌላው ረዝሞ ይቀራል። የልብስ ንድፍ ባለሙያዋ ማድሌን ቪዮኔ በፓሪስ ይህን አቆራረጥ ዝነኛ ስታደርገው ጨርቁን በትንሽ አሻንጉሊት ላይ እየሞከረች ነበር፤ እኛ ደግሞ ቢያንስ በአቡጀዲ ልንሞክረው ይገባል። በዚያ ላይ የ1930ዎቹ ፓተርን በጽሑፍ ፈንታ በቀዳዳዎች ብቻ ምልክት የተደረገበት ከሆነና እያንዳንዳቸው ምን እንደሚያመለክቱ የሚገልጸው የመመሪያ ወረቀት ከፖስታው ውስጥ ከጠፋ፣ ሥራው እጥፍ ይሆናል።

ትልቁ ምክንያቴ ግን እስክስታ ነው። የሙሽራዋ እህት ሙሉ ምሽት ተቀምጣ አታመሽም፤ ቀጭን ማንገቻ ያለው ቀሚስ ደግሞ ትከሻ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይንሸራተታል። የ1950ዎቹም ቢሆን ከብብቱ ሥር የምትገባው ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ መኖሯን ያረጋግጡ፤ እርሷ ከሌለች ክንድዎን ባነሱ ቁጥር ወገቡ አብሮ ይነሳል። ለጨርቁ ከሚያንጸባርቀው ሳቲን ይልቅ መካከለኛ ክብደት ያለው ክሬፕ እመክራለሁ።

መላሽ 3

በመላሽ 2 ሐሳብ እስማማለሁ። የምጨምረው ስለ ውስጥ ልብስ ነው፤ በ1950ዎቹ የተሠራ ፓተርን ወገብና ሆድን የሚያጠብቅ የውስጥ ልብስና ጡትን ከፍ የሚያደርግ ጡት ማስያዣ ታስቦ የተነደፈ ስለሆነ፣ በዛሬው የውስጥ ልብስ ሲለበስ የደረቱ ዳርት (ጨርቁን ለቅርጽ የሚያጥፈው ሹል ስፌት) ጫፍ ወደ ላይ ወጥቶ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ወገቡን እንደ ፓተርኑ ሳይሆን በራስዎ ልክ ላይ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ጨምረው ይቁረጡ፤ እራት ተበልቶ የሚጨፈርበት ቀሚስ ነውና። ማስተካከሉ ከበዛብዎ ደግሞ በተርሪክን የመሳሰሉ ኩባንያዎች የ1950ዎቹን ፓተርኖች በዛሬው ልክ ደግመው አሳትመዋል፤ የ1952ቱ ተጠምጥሞ የሚለበስ ቀሚሳቸው አንዱ ነው።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የ1950ዎቹን መርጫለሁ፤ ቁራጯም በፓተርኑ ውስጥ አለች። የብብቱ ጥግ ሲሰፋ እንዳይተረተር ምን ላድርግ?

መላሽ 2

ጥጉን በመቀስ ከመሰንጠቅዎ በፊት በስስ የሐር ቁራጭ ከጀርባው ደግፈው፣ በአጫጭር የመኪና ስፌት ዙሪያውን ይስፉት። ከዚያ እስከ ስፌቱ ጫፍ ድረስ ብቻ ይሰንጥቁ፤ የቁራጯን አራት ጎኖችም አንድ በአንድ፣ ከጥግ እስከ ጥግ እየጀመሩና እየጨረሱ እንጂ በአንድ ጊዜ አይዙሯቸው።