አያቴ የሚቆጥሩትን ሐረግ ስልኬ አልቀበል አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ናችሁ? በጣም ያናደደኝ ነገር አለ። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ዛሬም ቁጭ ብለው እስከ ሰባት ቤት ሳይሳሳቱ ይቆጥራሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ትዝታቸው ግን ንቅንቅ አላለም። እኔም ጊዜ ሳያልፍብኝ ልመዝግበው ብዬ የቤተሰብ ታሪክ መያዣ አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ። እሳቸው በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ።

ገና ስንጀምር «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን መጣ። ባዶውን ስተወው ዙሪያውን ቀይ ያደርግና አያሳልፍም። እሺ ብዬ የየሰዉን አባት ስም ሞላሁበት። እኔ፣ እናቴ፣ አያቴና የአያቴ አባት የአባታችን ስም ስለሚለያይ አራት የማይተዋወቁ ቤተሰቦች አድርጎ በታተነን። ይባስ ብሎ እናቴን ከአባቴ ጋር ሳገናኛት፣ ሳይጠይቀኝ የአማቷን ስም ከስሟ ጋር ገጠመባት። በእኛ አጠራር ይሄ ሲነበብ እናቴ ለአባቴ እህቱ ናት ማለት ነው! ለአያቴ ስነግራቸው ክው አሉ።

ሌላው ደግሞ ከቅድመ አያት በላይ ያለውን ሁሉ «ቅድመ ቅድመ ቅድመ» እያለ ይቀጥላል። አያቴ ለእያንዳንዱ ሌላ ስም አላቸው። እባካችሁ፣ ያለፋችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

ኮድ ጸሐፊ፦
እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። እነዚህ ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡት ጌድኮም በሚባል የፋይል ዓይነት ነው፤ ከ1984 ጀምሮ ያለ ነው (በፈረንጆቹ)። እዚያ ውስጥ የቤተሰብ ስም በሁለት ዘንበል ያሉ መስመሮች (/ /) መሃል ይጻፋል። ከሌለ ግን አለመጻፍ ይቻላል። ስለዚህ የሚያስገድድሽ አፑን የሠራው ሰው እንጂ ደንቡ አይደለም። የእያንዳንዱን ሰው ስም ከነአባቱ በመጀመሪያው ሳጥን ጻፊ፤ በቤተሰብ ስም ሳጥን ለሁሉም አንድ ሰረዝ ብቻ አድርጊ። ሁለት መቶ ሰው ከመሙላትሽ በፊት ግን በሦስት ሰው ሞክሪው። ፋይሉን አውጥተሽ መልሰሽ አስገቢና ስሙ እንዳለ መመለሱን እዪ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ብዙ ስላደከመኝ ነው። ለእኛ ጆሮ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ኃይሉ» ብለሽ የመዘገብሽውን «ሀይሉ» ብለሽ ብትፈልጊው የለም ይልሻል፤ ከዚያ አዲስ ሰው ነው ብለሽ ደግመሽ ትመዘግቢዋለሽ። እኔ አጎቴን እንዲህ ሁለት ጊዜ መዝግቤ ልጆቹን ለሁለት ከፍዬ ነበር፣ ለማስተካከል አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ። ከመነሻው አንድ አጻጻፍ ምረጪና እሱን ያዢ።

አንጋፋው፦
ልጄ፣ አያትሽን እግዜር ያቆይልሽ። አፑ «ዛፍ» ይላል አይደል? እኛ ሐረግ ነው የምንለው። ሐረግ ይሳባል፣ ይጠማዘዛል፣ ሌላው ላይ ይወጣል፤ ዘመድም እንደዚያው ነውና ቃሉን አትልቀቂው። ከቅድመ አያት በላይ እኔ ሲቆጠር የሰማሁት ምንጅላት፣ እንጅላት፣ ፍናጅ፣ ቅናጅ እየተባለ ነው። ምንዥላት የሚልም አለ። ቅደም ተከተሉ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ስለዚህ የእኔን ትተሽ የእሳቸውን ጻፊ። ደግሞም ድምፃቸውን ቅጂ። ጽሑፍ ብቻ አይበቃም፤ አንድ ስም ላይ ሲደርሱ ዝም የሚሉት ዝምታ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ቀን ቆጣሪ፦
ዘመን አቆጣጠሩንም እንዳትረሺው። ጌድኮም በስም የሚያውቀው አራት አቆጣጠር ብቻ ነው፦ ግሪጎሪያን፣ ጁሊያን፣ የዕብራውያንና የፈረንሳይ አብዮት ጊዜ የነበረውን። የእኛ የለበትም። ዝም ብለሽ 1935 ብለሽ ካስገባሽ ሰውየው ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። ታኅሣሥ 10 ቀን 1935 በፈረንጅ ዲሴምበር 19 ቀን 1942 ነው፤ በዚያው ዓመት ጥር 10 ግን ጃንዋሪ 18 ቀን 1943 ይሆናል። ወሩ ካልታወቀ አትገምቺ። የሰማሽውን እንዳለ ማስታወሻው ውስጥ ጻፊው።

የቤተሰብ ስም ጣጣ ከሰለቸሽ ደግሞ በቁጥር ያዢው። ሚካኤል አይትሲንገር የሚባል ሰው በ1590 ያሳተመው ዘዴ አለ። አንቺ 1፣ አባትሽ 2፣ እናትሽ 3። የማንኛውም ሰው አባት የሰውየው ቁጥር እጥፍ ነው፤ እናቱ ደግሞ እጥፉ ሲደመር አንድ። ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ስትወጪ እዚያ እርከን ላይ ብቻ 128 ሰው ይኖራል። ማን እንደጎደለ ወዲያው ይታይሻል።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰረዟ ሠራች! በሦስት ሰው ሞከርኩት፣ ስሙ እንዳለ ተመለሰ። እናቴም ወደ አባቷ ስም ተመለሰች። ጋሼ አንጋፋው፣ እንዳሉኝ ድምፃቸውን ቀዳሁ፤ ምንጅላት ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን እንደያዙ ትንሽ ቆዩ፣ እኔም ዝም አልኩ፣ ከዚያ ቀጠሉ። ቁጥሩን ሳስረዳቸው የራሳቸውን ጠየቁኝ። 7 ናቸው። በአባታቸው በኩል ጨርሰናል፤ ነገ ከእናታቸው፣ ከ15 እንጀምራለን።