መታቀፍ አልተው ያለችኝን ዶሮ እንዴት ላስተዋት?

ጥያቄ፦ ከጀማሪ አርቢ

ጤና ይስጥልኝ። በጓሮዬ 6 ዶሮዎች አሉኝ። አውራ ዶሮ የለኝም፤ የማረባቸውም ለእንቁላል ብቻ ነው። ከመካከላቸው አንዷ፣ ቡናማዋ፣ ከ12 ቀን በፊት እንቁላል መጣል አቆመችና ከሁለቱ የእንቁላል መጣያ ሣጥኖች ጨለም ያለውን መርጣ ተቀመጠችበት፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀችም። እጄን ወደ ሣጥኑ ሳስገባ ላባዋን ነፍታ የራሷን እጥፍ ታክላለች፤ ታጉረመርማለች፣ በመንቁሯም ትወጋኛለች። በቀን ሦስት ጊዜ እያነሣሁ ወደ ግቢው ባወጣትም፣ መሬት ላይ ባኖርኳት ቦታ እንደ ፈዘዘች ለጥቂት ደቂቃ ተጋድማ ትቆይና፣ ድንገት እንደ ነቃ ሰው ተነሥታ፣ ጥቂት ጥሬ ለቃቅማ ወደዚያው ሣጥን ትመለሳለች። ሥሯ ምንም እንቁላል የለም፤ ባዶ ጭድ ነው የታቀፈችው።

ችግሩ በእሷ ብቻ አላበቃም። ሌሎቹም ሁለተኛውን ሣጥን ትተው እዚያው እላይዋ ላይ ተደራርበው ለመጣል ስለሚገፋፉ፣ ትናንት አንድ እንቁላል ተሰብሮ ጭዱን ሁሉ አበላሽቶታል። አንድ ጎረቤቴ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንድነክራት፣ ሌላው ደግሞ ሁለት ቀን መኖና ውኃ እንድከለክላት መከሩኝ። ሁለቱም ስላልተዋጡልኝ ምንም ሳላደርግ ቆየሁ። ለመሆኑ ታማ ይሆን? ካልታመመችስ ሳልጎዳት መታቀፏን የማስተዋት እንዴት ነው?

መልስ፦ ከጓሮ ዶሮ አርቢ

ከገለጹት ሁሉ እንደምረዳው ዶሮዎ ታቃፊ ሆናለች እንጂ አልታመመችም። ታቃፊ ዶሮ ከሣጥኗ የምትወርደው በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ ኩሷን አጠራቅማ በአንድ ጊዜ ትጥላለች። ስለዚህ ከወትሮው በጣም የበዛና አፍንጫ የሚሰነፍጥ ኩስ ግቢው ውስጥ ካዩ አይደንግጡ፤ ይህም የመታቀፍ ምልክት ነው። ደረቷንና ሆዷን ቢመለከቱ ላባዋ ሳስቶ ወይም ተነቅሎ ቆዳዋ ገላጣ ሆኖ ያገኙታል። በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። የታመመች ዶሮ ግን ሰው ሲቀርባት አትቆጣም፤ ዓይኗን ጨፍና ታንጎላጃለች፣ ክንፏን ትጥላለች፣ ከሣጥን ውጭም ጥግ ይዛ ትቆማለች። ዶሮዎ እያማጠች እንቁላል መጣል ካቃታት፣ ጅራቷ ቁልቁል ከወደቀና እንደ ፔንግዊን ቀጥ ብላ ከቆመች ጉዳዩ ሌላ ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪም ያሳዩአት። የእርስዎ ግን ቁጣዋ እንኳ ጤናዋን ይመሰክራል።

መልስ፦ ከአንድ አባል

እንቁላሉን በቀን ሁለቴና ሦስቴ ይሰብስቡ፤ ሣጥን ውስጥ የተከማቸ እንቁላል ሌሎቹንም ያባብላቸዋል። ለማባበያ ያስቀመጡት የእንጨት ወይም የፕላስቲክ እንቁላል ካለም ያውጡት።

መልስ፦ ከእንስሳት እርባታ ባለሙያ

በቀን ሦስት ጊዜ እያወጡ ያልተሳካልዎ ለምን እንደሆነ ካወቁ መፍትሔው በራሱ ግልጽ ይሆንልዎታል። ዶሮ ለመታቀፍ ስትዘጋጅ በሰውነቷ ውስጥ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል። ይህ ሆርሞን ከፍ ሲል እንቁላል የሚያፈሩት ሌሎቹ ሆርሞኖች ይቀንሳሉ፤ የእንቁላል ማፍሪያዋም ይኮማተራል። መጣል ያቆመችው በዚህ ምክንያት ነው። ሆርሞኑ ከፍ ብሎ እንዲቆይ የሚያደርገው ደግሞ ራሱ የመቀመጡ ሁኔታ ነው፤ ገላጣው የሆዷ ቆዳ ሞቅ ያለና ለስላሳ ነገር እስከነካ ድረስ፣ ያ ነገር እንቁላልም ይሁን ባዶ ጭድ፣ አካሏ «ቀጥዪ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ለሩብ ሰዓት አውጥተዋት ስትመለስ ያው ሙቀት ይጠብቃታል፤ ስለዚህ አወጣጥዎ እሷ ራሷ ለመብላት ከምትወጣው ብዙም አይለይም። ጫጩት የሚፈለፈለው በ21 ቀን ቢሆንም፣ አውራ ዶሮ ስለሌለዎት ምንም ሊፈለፈል አይችልም፤ 21ኛው ቀን ሲያልፍ ትነሣለች ብለው ተስፋ ካደረጉም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ብዙዎቹ ከዚያም በላይ ተቀምጠው፣ በቂ ስለማይበሉ ክፉኛ ይከሳሉ።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ሆዷ ሥር አየር እንዲመላለስ ማድረግ ነው። ወለሉ ከሽቦ የሆነ፣ አንዲት ዶሮ እንደ ልብ ቆማ ልትዞርበት የምትችል ኬጅ ያዘጋጁ። በአራት ጡብ ወይም በእንጨት እግር ከመሬት ከፍ ያድርጉት፤ የሚሻለው ደግሞ ሌሎቹ ዶሮዎች በሚታዩበት፣ ብርሃን በሚገባበት ጥላ ሥር ማስቀመጥ ነው። ውስጡ ምንም ጉዝጓዝ፣ ጭድም ሆነ ጨርቅ አይኑር፤ ጥግ ላይ አንድ እፍኝ ሣር እንኳ ካገኘች እሱኑ ሰብስባ ጎጆ ታደርገዋለች። የሽቦው ቀዳዳ እግሯ የማይሾልክበት መሆን አለበት፤ የተቆረጠ የሽቦ ጫፍም እግሯን እንዳይወጋት በጣትዎ ዳስሰው ያረጋግጡ። አንድ ቆጥ ቢያስገቡላት ማታ እሱ ላይ ታድራለች። መኖና ውኃ ሁልጊዜ ከፊቷ አይጥፋ። ቀድሞውንም ሰውነቷን ጎድታ የመጣች ዶሮ ናትና፣ ሁለት ቀን ጦም ትዋል የሚለውን ምክር ፈጽሞ አይቀበሉት፤ ረኃቡ ያከሳታል እንጂ ከሆዷ ሥር ያለውን ሙቀት አያስወግደውም።

በኬጁ ውስጥ ቀንም ሌሊትም ሦስት ቀን ያህል ያቆዩአት። በመጀመሪያው ምልክት የተያዘች ዶሮ በሁለት ቀንም ልትተው ትችላለች፤ የእርስዎ ግን 12 ቀን ስለቆየች አራትና አምስት ቀን ቢፈጅባት አይገርምም።

መልስ፦ ከነባር አርቢ

የውኃው ነገር ያን ያህል የሚወገዝ አይመስለኝም። እኔ ከዓመታት በፊት ሆዷን ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ለብ ባለ ውኃ ነክሬ የተውኳት ዶሮ፣ በማግሥቱ ከባልንጀሮቿ ጋር ስትጭር ውላለች። ሐሳቡ ያው ማቀዝቀዝ ነውና፣ በጥንቃቄ ከተደረገ ጉዳት የለውም ባይ ነኝ።

መልስ፦ ከእንስሳት እርባታ ባለሙያ

ክቡር ነባር አርቢ፣ ያቺ ዶሮ ምናልባት ገና የጀመረች ነበረች፤ እንዲህ ያሉት ከሣጥን አውጥቶ ሣጥኑን በመዝጋት ብቻም ይተዋሉ። እኔ የምቃወመው ውኃው ስለማይጠቅም ብቻ አይደለም። የዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ የሆዷ ላባ ደግሞ እስኪደርቅ ሰዓታት ይወስዳል። በቀዝቃዛ ቀን ወይም ወደ ማታ የነከሯት ዶሮ ረጥባ ስታድር ልትታመም ትችላለች፤ ማቀዝቀዙ ግን ውኃው ሲደርቅ ያበቃና እሷም ወደ ሣጥኗ ትመለሳለች። በሽቦ ወለል የሚመላለሰው አየር ቀንና ሌሊት ስለሚሠራ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው። ጀማሪ ሰው ውኃ ውስጥ ሲያስገባት በድንጋጤ አፍንጫዋ ውስጥ ሊገባ እንደሚችልም አይዘንጉ።

መልስ፦ ከነባር አርቢ

ላባው ለመድረቅ የሚወስደውን ጊዜ በተመለከተ እውነትዎን ነው፤ የእኔዋን የነከርኳት ፀሐያማ በሆነ ቀን ማለዳ ነበር። ጠያቂውም የውኃውን ነገር ይተዉት።

መልስ፦ ከጫጩት አሳዳጊ

የግድ ማስተው አለብዎት ወይ የሚለውንም ያስቡበት። አውራ ዶሮ ካለው ሰው ለመፈልፈል የሚሆን እንቁላል አግኝተው ቢያስታቅፏት፣ ወይም የአንድ ቀን ጫጩቶችን ማታ በጨለማ ቀስ ብለው ሥሯ ቢያስገቡላት፣ ማሳደጉን ለእሷ ይተዉታል፤ ሙቀቱን የምትሰጠው እሷ፣ መጫርን የምታስተምረው እሷ፣ የሚጠጋውን ድመት የምታባርረውም እሷ ናት። እኔ ሲልኪ የሚባለው፣ መታቀፍ የሚያበዛ ዝርያ ዶሮዎች ስላሉኝ በየጊዜው የማደርገው ይኸንኑ ነው፤ የሲልኪን መታቀፍ ለማስተው መድከም ከንቱ መስሎ ይታየኛል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ከሚፈለፈሉት ገደማ ግማሾቹ ወንዶች ይሆናሉ፤ ቦታ ከሌለዎት ይቸገራሉ። በተጨማሪም ዶሮዎ ጫጩቶቹን አሳድጋ እንደገና መጣል እስክትጀምር በርካታ ሳምንታት ያልፋሉና፣ የሚፈልጉት እንቁላል ከሆነ ኬጁ ይሻልዎታል።

የጠያቂው ምላሽ (ከስድስት ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከግልገል ጥንቸሎች የተረፈ የሽቦ ኬጅ ነበረኝ፤ ከሥሩ ጡብ አድርጌ፣ በውስጡ አንድ ቆጥ አጋድሜ በዚያው ዕለት ማታ አስገባኋት። በመጀመሪያው ቀን ባዶው ሽቦ ላይ ተዘርግታ ዋለች፤ ጭራሽ በመንቁሯ የሌለ ጭድ ወደ ሆዷ ሥር ስትሰበስብ ማየት ያሳዝናልም ያስቃልም። በሁለተኛው ቀን አልፎ አልፎ መቆም ጀመረች፣ መኖዋንም በደንብ በላች። በሦስተኛው ቀን ቆማ ስለዋለች ድኗል ብዬ ከፈትኩላት። ወጣች፣ ክንፏን አራገበች፣ አፈር ውስጥ ተንከባለለች፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ገባሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ እዚያው ጨለማ ሣጥን ውስጥ አገኘኋት። ወዲያው መልሼ ኬጅ ውስጥ አስገብቼ ሁለት ቀን ጨመርኩላት። ዛሬ ጠዋት ስለቃት ግን ማጉረምረሙ ጠፍቶ፣ ላባዋም ተኝቶ፣ ከሌሎቹ ጋር ስትጭር ውላ ማታም ቆጥ ላይ ወጥታለች።

አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅ። እንቁላል የምትጥለው መቼ ነው? ሁለተኛው፣ ጥቁሯ ዶሮ ዛሬ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ከሣጥኑ ሳትወርድ ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጣለች፤ ሲመሽም ቆጥ ላይ አልወጣችም። ስነካት አልወጋችኝም፤ ላባዋን ግን ነፋ አድርጋለች። እሷም እየጀመራት ይሆን፣ ወይስ ጥቂት ቀን ልጠብቅ?

መልስ፦ ከእንስሳት እርባታ ባለሙያ

ለቀው መፈተንዎ ትክክል ነበር፤ ወደ ሣጥን ከተመለሰች ወደ ኬጅ፣ ከባልንጀሮቿ ከተቀላቀለች ወደ ቆጥ የሚለው ፈተና ከቀን ቆጠራ የበለጠ አስተማማኝ ነው። የቡናማዋ ማፍሪያ እንደገና እስኪያብብ አንድ ሳምንት፣ ብዙ ጊዜም ሁለትና ሦስት ሳምንት ይወስዳል። በዚህ መሐል የእንቁላል ጣዮች መኖ ሳይጎድልባት ክብደቷን ትመልስ። በራሷ ላይ ያለው ሥጋ እንደገና ደም ሲመስል መጣሉ ቀርቧል ማለት ነው።

ሣጥኖቹንም ያጽዱ። ለሁለት ሳምንት ያህል የሞቀ ጎጆ ደም ለሚመጥጡ ጥቃቅን ተባዮች ይመቻል፤ እነሱ ቀን በእንጨቱ ስንጥቅ ተሸሽገው ሌሊት ይወጣሉ። አሮጌውን ጭድ አውጥተው ያስወግዱ፣ ማታ በባትሪ ብርሃን የሣጥኑን ማዕዘናትና የቆጡን ጫፎች ይመልከቱ። ዶሮዎቹ ጥለው ከጨረሱ በኋላም የሣጥኖቹን አፍ እስከ ማግሥቱ ጠዋት ይዝጉት፤ የሚያድሩበት ቦታ ቆጥ ብቻ ይሁን።

መልስ፦ ከጓሮ ዶሮ አርቢ

ስለ ጥቁሯ እኔ ልመልስ። ዶሮ እንቁላል ለመጣል አንድ ሰዓት ገደማ ብትቀመጥ የተለመደ ነው፤ ጥላ ከጨረሰች በኋላ ከሰዓቱን ሙሉ መቀመጥና ቆጥን ትቶ ሣጥን ውስጥ ማደር ግን የታቃፊ ጠባይ ነው። አለመውጋቷ ገና መጀመሪያዋ ስለሆነ ነው፤ ቡናማዋም በመጀመሪያው ቀን እንዲሁ ዝም ብላ ነበር ይሆናል፣ ያኔ ልብ ያላሏት እንጂ። ኬጁ ገና ያልፈረሰ ከሆነ ጥቂት ቀን አይጠብቁ፤ አሁኑኑ በጨለማ አንሥተው ያስገቧት።