አዳማ ላይ ሆድ የማይነፋ ወተት የት ይገኛል? (ጥቆማ)

የፍራንኮ ልጅ፦
ሰላም የአዳማ ሰዎች። ከፋሲካ ወዲህ ማኪያቶ በጠጣሁ ቁጥር ሆዴ እንደ ከበሮ ይነፋል። 55 ቀን ስጾም አንጀቴ ወተት ረሳ መሰለኝ። የቱን ወተት ትመክሩኛላችሁ? ያ የዲኤንኤ ምርመራ የሚሉትስ ያዋጣል?

የልጆች እናት፦
ወንድምዬ፣ ይሄን ነገር በራሴ ሆድ ስላየሁት ትንሽ ላስረዝምብህ።

መጀመሪያ፣ አንጀት ወተት አይረሳም። ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ትንሹ አንጀት ላክቴዝ በሚባል ኢንዛይም ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ሳይሰነጠቅ ወደ ትልቁ አንጀት ከወረደ ባክቴሪያዎቹ ይደግሱበታል። የሚነፋህ የነሱ ጋዝ ነው። ላክቴዝ የሚሠራው ጂን (ዲኤንኤ ላይ የተጻፈው መመሪያ) ሁላችንም ጋ አለ፤ ሰው ከሰው የሚለየው በማብሪያ ማጥፊያው ነው። የሚገርመው፣ ማብሪያው ያለው ጂኑ ላይ አይደለም። 14 ሺህ የዲኤንኤ ፊደል ያህል ራቅ ብሎ፣ ጎረቤት ጂን ውስጥ ተሸጉጧል። ብዙ ሰው ጡት ከጣለ በኋላ ቀስ በቀስ ይጠፋበታል። አንዳንዱ ደግሞ አንዲት ፊደል ስለተለወጠችለት ዕድሜውን ሙሉ እንደበራ ይኖራል። ጾምህ ማብሪያውን አይነካውም። የሚነካው ባክቴሪያዎቹን ነው። ወተት ሲመላለስባቸው ይለምዱታል፣ ሁለት ወር ሲቀርባቸው ልምዱ ይጠፋል። ስለዚህ ከጾም ስትወጣ በግማሽ ብርጭቆ ጀምር።

ስለ ዲኤንኤው፦ ብርህን አታባክን። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ በምራቅ የሚመረመርበትን ኪት ተጠቅሞ ውጤቱን ይዞ መጣ። «ወተት አይስማማህም» ይላል። ይሄን ጮክ ብሎ ሲያነብልን እጁ ላይ ያለው ሁለተኛ ብርጭቆ ወተት ነበር። ሆዱ ጭጭ! ነገሩ ወዲህ ነው። ኪቱ የሚያየው አንዲት ፊደል ብቻ ነው፤ ቁጥር 13910 (ቁጥሩ ከጂኑ ስንት ፊደል እንደምትርቅ ነው)፣ በፈረንጆቹ 2002 በፊንላንዳውያን ላይ የተገኘችዋን የአውሮፓውያኑን። በፈረንጆቹ 2007 የምሥራቅ አፍሪካ ሕዝቦች ሲጠኑ ሌሎች ፊደሎች ወጡ። እኛ ሀገር 13907 አለ፣ 13915 አለ፣ 14009ም አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከአውሮፓውያኑ በሦስትና በአምስት ፊደል ብቻ ነው የሚርቁት። ማብሪያው ያው ነው፣ የበራበት መንገድ ለየቅል ነው። ታዲያ ኪቱ 13910ን ብቻ አይቶ «የለህም» ቢልህ ምን ይገርማል?

ከዚያ ይልቅ ሰፈርህ ክሊኒክ ሰገራ ተመርመር። በአንድ ማኪያቶ ይህን ያህል ከነፋህ እኔ ጃርዲያ ነው የምጠረጥረው። ጃርዲያ ላክቴዙ ያለበትን የአንጀት ሽፋን ይጎዳል፤ ሲታከም ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። እኔን ያገኘኝ እሱ ነው። ዓመት ሙሉ ወተትን ስወቅስ ኖርኩ። አንድ ቦታ ሳይመረምሩኝ የጨጓራ መድኃኒት ብቻ ይሰጡኝ ነበር፣ ስሙን ልተወው። ደም ካየህ ወይም ከከሳህ ግን ጥቆማ አትጠብቅ፣ ቀጥታ ሐኪም ጋ ሂድ።

አሁን ወደ ወተቱ፦

አይብ አንደኛ። አብዛኛው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ተንጠፍጥፎ ይሄዳል። ገበያ ስትገዛ በኮባ የተጠቀለለውን ጫን በለው፣ ውሃው የሚንጠባጠብ ከሆነ ገና አልደረቀም።

እርጎ ሁለተኛ። ባክቴሪያዎቹ ከስኳሩ የተወሰነውን በልተውልሃል። በወይራ በታጠነ ዕቃ የረጋ ካገኘህማ በለው። ስኳር ጨምሮ የሚሸጠውን ግን ተወው፣ ጣዕሙን ያበላሸዋል።

ላም ካላቸው ሰዎች በሃይላንድ የሚመጣልህ ትኩስ ወተትና ሱቅ ያለው የላስቲክ ወተት በላክቶስ እኩል ናቸው። ትኩሱን አፍላው፤ ማፍላት እንደ ብሩሴላና ቲቢ ያሉ የበሽታ ጀርሞችን እንጂ ላክቶስን አያጠፋም። የዱቄቱም ሲበጠበጥ ያው ነው።

ላክቶስ የወጣለት የውጭ ወተት አልፎ አልፎ ሱፐርማርኬት አይቻለሁ። ዋጋው አይቀመስም። ኢንዛይም ጨምረው ስኳሩን አስቀድመው ስለሰነጠቁት ይጣፍጣል። የላክቴዝ ክኒን ሦስት ፋርማሲ ጠይቄ አጣሁ።

ቀበሌ ሰባት፦
እህቴ፣ የግመል ወተትን ረሳሽው? ከመተሐራ በኩል የሚመጣውን ባለቤቴ ላክቶስ የለውም ብላ ነው የምትገዛው።

የልጆች እናት፦
አልረሳሁትም፣ ጠብ እንዳይነሳ ብዬ ነው! ላክቶሱ ከላሙ ብዙም አይተናነስም። የሌለው አንድ የፕሮቲን ዓይነት ነው፣ ያ ከአለርጂ ጋር የሚገናኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ባለቤትህ ከተስማማት ግን ይመቻት። ማብሪያዋ በርቶ ይሆናል፣ ግመሉን ለምን ታመሰግናለህ?

የፍራንኮ ልጅ፦
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ሰገራ እመረመራለሁ። ማኪያቶውን ግን መተው አለብኝ?

የልጆች እናት፦
በባዶ ሆድ ነው የምትጠጣው?

የፍራንኮ ልጅ፦
ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት። አዎ፣ በባዶ ሆድ።

የልጆች እናት፦
በል መጀመሪያ ዳቦ ብላ። ውጤቱን መጥተህ ንገረን።